ስለ ኳርተርባኩ የተናገርኩትን ልጄ ለራሱ ወሰደው

ደብዳቤው

ውድ የዓምዱ አማካሪ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምጽፍልዎ ከሲያትል ሲሆን ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ጉዳዬ ለሰው ሲነገር የሚያሳፍር ስለሚመስል እስካሁን ለማንም አላዋየሁም፤ ባለቤቴም «ለኳስ ብለህ ደብዳቤ ትጽፋለህ?» ብላ ስቃብኛለች። ሆኖም ከኅዳር ወር ወዲህ በቤቴ የገባው ዝምታ እንቅልፍ ስለነሳኝ ምክርዎን ለመጠየቅ ተገድጃለሁ።

እኔ የኮሌጅ ፉትቦል ወዳጅ ነኝ፤ በእጅ የሚጫወቱትን የአሜሪካኖቹን ማለቴ ነው። ወደዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2000 መጸው፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ትርፍ ትኬት ይዞ ወደ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ሀስኪ ስታዲየም ወሰደኝ። የጨዋታውን ሕግ ባላውቅም ሐይቁ ዳር የተሠራው ስታዲየም፣ በጀልባ ወደ ጨዋታ የሚመጣው ሰውና ሐምራዊ ለብሶ የሚጮኸው ሰባ ሺህ ሕዝብ ልቤን ወሰዱት። ቡድኑ በዚያው የውድድር ዘመን፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2001፣ ሮዝ ቦል የተባለውን ታላቅ የዓመቱ መጀመሪያ ጨዋታ አሸነፈ፤ እኔም በዚያው ቀረሁ። በ2008 አሥራ ሁለት ጨዋታ ተጫውተን አሥራ ሁለቱንም ስንሸነፍ እንኳ ቴሌቪዥኑን አላጠፋሁም። ያኔ ሦስት ዓመቱ የነበረው የበኩር ልጄ ሽንፈትን የተማረው ጭኔ ላይ ተቀምጦ ነው።

ቅዳሜ የእኔና የእሱ ቀን ሆኖ አደገ። የእሱ አማርኛ የተሰባበረ፣ የእኔም እንግሊዝኛ ከሥራ ቦታ ያላለፈ ስለሆነ ብዙ ነገር አንነጋገርም፤ ስለ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን እየወረወረ ማጥቃቱን ስለሚመራው ተጫዋች ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይሰለቸን እናወራ ነበር። በ2023 ግራኙ ኳርተርባካችን ማይክል ፔኒክስ ኳሱን ሲወረውር አባትና ልጅ ተቃቅፈን የዘለልንበትን ምሽት እስክሞት አልረሳውም። አሥራ አራት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈን በገና ማግስት፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 2024፣ ሂውስተን ላይ ለዋንጫ ስንቀርብ ቤቴ በሰው ተሞልቶ፣ ከበዓሉ የተረፈው ዶሮ ወጥ ተሞቆ ነበር። በሚሺጋን 34 ለ 13 ተሸነፍን። ይህ ያለ ነው። ያቃጠለኝ በአራተኛው ቀን አሰልጣኙ ኬለን ዲቦር ጥሎን ወደ አላባማ መሄዱ ነው። እኔ በአንድ የሥራ ቦታ ሃያ ሁለት ዓመት የቆየሁ ሰው ነኝ፤ የተሻለ ደመወዝ ሲቀርብልኝም አልሄድኩም። ያመነህን ሕዝብ እንዲህ በአራት ቀን ትቶ መሄድ በእኔ ዘንድ ክህደት ነው፤ ለልጄም ደጋግሜ የነገርኩት ይህንኑ ነው።

በምትኩ ከአሪዞና ጄድ ፊሽ መጣ። በ2024 ስድስት ጊዜ አሸንፈን ሰባት ጊዜ ተሸነፍን። ፊሽ ዘመኑን በኳርተርባኩ በዊል ሮጀርስ ጀምሮ መጨረሻው ላይ ቦታውን ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሰጠው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ኳርተርባክ በዘመኑ መካከል አይቀያየርም፣ ያልደረሰ ልጅም ኦሪገን ሜዳ ላይ አይጣልም። ኖቬምበር 30፣ በታንክስጊቪንግ ሰሞን፣ ይህ ልጅ በቋሚነት ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሪገኖቹ ከተማ በዩጂን ሲሰለፍ ቤቴ ስድስት እንግዶች ነበሩ። ኳርተርባካችን ኳሱን ሳይወረውር ደጋግሞ መሬት ላይ ሲጣል ትዕግሥቴ አለቀና ተነሥቼ እንዲህ አልኩ፦ «ይህ ልጅ አይረባም! የተሰጠውን ዕድል የማያውቅ! ፔኒክስ ስንት ጊዜ ተሰብሮ ተነሣ፤ የዛሬ ልጆች ግን አንዴ ሲገፏቸው ይወድቃሉ።» እንግዶቹ ሳቁ። ልጄ አልሳቀም። ቀስ ብሎ «አባዬ፣ ልጁ እኮ ከእኔ አንድ ዓመት ታች ነው» አለና ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አይመጣም። እሑድ እናቱን ሊያይ ይመጣል፤ እኔን «ደኅና ነህ አባዬ» ብሎ፣ በልቶ ይሄዳል። የሚኖረው ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። በዚያው በመጸው ከኢንጂነሪንግ ወደ ታሪክ ትምህርት መዛወሩን ነግሮናል፤ ሁለት ኮርስ ወድቆበት ነበር። ይህ ግን ከነገሩ ጋር አይገናኝም።

ዲሴምበር 31 ቀን ኤል ፓሶ ላይ ከሉዊቪል ጋር የተደረገውን ሰን ቦል የተባለ የዘመን መዝጊያ ጨዋታ ብቻዬን አየሁት። 35 ለ 28 እየተመራን ሰከንዶች ሲቀሩ ተችዳውን (ኳሱን ከተቃራኒው መስመር አሳልፎ ስድስት ነጥብ ማግኘት) አገባን፤ ፊሽ አንዷን ነጥብ በእግር አስመትቶ እኩል ከመሆን ይልቅ ሁለቷን ሞክሮ ለማሸነፍ መረጠ፤ አልሆነም፤ 35 ለ 34። ስልኬን አንሥቼ «ሁለቷን መሞከሩ ልክ ነበር?» ብዬ ለልጄ ጻፍኩና ሳልልከው መልሼ አስቀመጥኩት።

እስቲ ንገሩኝ፤ አንድ ደጋፊ ስለ አሰልጣኝና ስለ ኳርተርባክ ሐሳቡን መስጠቱ ጥፋት ነው? አባት በኳስ ምክንያት ልጁን ይቅርታ ይጠይቃል?

የቅዳሜው አባት፣ ከሲያትል


ምላሽ

ውድ ወንድሜ፣

ባለቤትዎ ቢስቁም እኔ አልሳቅሁም። የምኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ስለሆነ በሚሺጋን የተሸነፈ ሰው ሁሉ ዘመዴ ነው። እርስዎ በእንግዶችዎ ፊት በተቆጡበት በዚያው ኖቬምበር 30 ቀን፣ ከጥቂት ሰዓታት በፊት፣ እኛም በገዛ ሜዳችን በሚሺጋን 13 ለ 10 ተሸንፈን ነበር። ባለቤቴ አሰልጣኙ ራያን ዴይ ጀምበር ሳትጠልቅ ይባረር ሲል፣ እኔ ደግሞ ሁለት ኳስ ለተቃራኒ ያስያዘውን ኳርተርባክ ዊል ሃዋርድን እዚህ የማልጽፈውን ነገር ብዬዋለሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025፣ ያው አሰልጣኝና ያው ኳርተርባክ ኖትር ዳምን 34 ለ 23 አሸንፈው የአገሪቱን ዋንጫ ወሰዱ፤ ሃዋርድ በዚያ ምሽት የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሦስት ኳሶች አንዱንም ሳያስት ለጓደኞቹ አደረሰ። ይህን ያነሣሁት ቡድኔን ለማወደስ አይደለም፤ ጥቂት ግን አለበት። ያነሣሁት ከእርስዎ በላይ ሆኜ እንደማልመክርዎ እንዲያውቁልኝ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዎ ብዙ አያከራክረንም። ሃያ አራት ዓመት ያየ ሰው ሐሳብ አለኝ ቢል ያምርበታል፤ ሐሳብ የሌለው ደጋፊ ቅዳሜን ለምን ያባክናል? ሐሳብዎን ግን ሲመዝኑት እንደ ጨዋታ ዐዋቂ ይመዝኑት ዘንድ ጥቂት ነገር ላንሣ፤ ይህን የማደርገው ለክርክሩ ብዬ ሳይሆን ወደ ልጅዎ የሚወስደው መንገድ በዚሁ በኩል ስለሚያልፍ ነው።

በዲቦር መሄድ ማዘንዎ ይገባኛል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሃያ አምስት ጊዜ አሸንፎ ሦስት ጊዜ ብቻ የተሸነፈ አሰልጣኝ፣ የአላባማው አሰልጣኝ ኒክ ሴባን ጡረታ መውጣቱን ባስታወቀ በሁለተኛው ቀን ዕቃውን ሲጭን ማየት ልብ ይሰብራል። ነገር ግን ያ የ2023 ደስታ ራሱ ከየት እንደመጣ መለስ ብለው ያስታውሱ። ፔኒክስ የሲያትል ልጅ አልነበረም፤ ከ2018 እስከ 2021 ለኢንዲያና ተጫውቶ አራቱም የውድድር ዘመን በጉዳት ተቋርጦበት፣ በ2019 እዚያ የማጥቃቱን ክፍል ይመራ የነበረውን ዲቦርን ተከትሎ ወደ እናንተ የተዛወረ ነው። ዲቦርም ፍሬስኖ ስቴትን ትቶ ነው የመጣላችሁ። ፊሽ ደግሞ በ2023 አሪዞናን ለአሥር ድል ባበቃበት ማግስት ትቶት መጣ፤ አሪዞና ሊማር ወስኖ የነበረው ዴመንድ ዊሊያምስም፣ ያ እርስዎ የተቆጡት ልጅ፣ እሱን ተከትሎ ሲያትል ገባ። በዚያ ሳምንት በአሪዞናዋ ቱሳን ከተማ ውስጥ እርስዎ የተናገሩትን ቃል በቃል እየተናገረ ቴሌቪዥኑ ላይ የጮኸ አባት እንደነበር አልጠራጠርም። ሰው ወደ እኛ ሲመጣ ዕድል፣ ከእኛ ሲሄድ ክህደት የምንለው ነገር አንድና ያው መሆኑን ልጅዎ ሳያስተውለው የቀረ አይመስለኝም። የዛሬ ወጣቶች በዚህ ሕግ ውስጥ አድገዋል፤ ተጫዋቾች ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር የሚመዘገቡበት የዝውውር ፖርታል ከ2018 ጀምሮ አለ፣ ተጫዋቾችም ከ2021 ወዲህ በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል፤ ቦታ መቀየር ለእነሱ የዘመኑ አሠራር እንጂ ነውር አይደለም። ይህ ለፉትቦሉ ይበጃል ወይ ቢሉኝ፣ በየዓመቱ የተጫዋቾችን ስም እንደ አዲስ የምማር ሰው ስለሆንኩ መልሴ ከእርስዎ ብዙም አይርቅም።

ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ቦታ መቆየትዎ ግን አሳሰበኝ። ያን ያህል ዘመን ቆሞ ቤተሰብ ማሳደግ ታላቅ ነገር ነው፤ ማንም አያቃልለው። ሆኖም አንድ ነገር ልጠይቅዎና መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስዎ ይስጡት፤ ያን የተሻለ ደመወዝ እምቢ ያሉት ቦታውን ስለወደዱት ነበር ወይስ የልጆቹ የሕክምና መድኅንና የቤቱ ዕዳ ስላላስነቃነቁዎ? ሁለተኛው ከሆነ፣ ሌሎች እንደ ልባቸው ሲሄዱ የሚሰማዎ ንዴት ከዲቦር የቀደመ ሥር ሊኖረው ይችላል። ለልጅዎም ለምን እንደቆዩ በትክክል ነግረውት እንደሆነ አላውቅም። የማይሄድ ሰው መሆንዎን ሰምቷል፤ ለእሱ ሲሉ መሆኑን ግን ምናልባት አልሰማም።

አሁን ወደ ኳርተርባኩ እንምጣ። በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ጽፈዋል። አንደኛ፣ ያልደረሰ ልጅ ኦሪገን ሜዳ ላይ መጣል የለበትም ብለዋል፤ በዚህ እስማማለሁ ብል እንኳ ተጠያቂው ያስገባው እንጂ የገባው አይሆንም። ሁለተኛ፣ ልጁ አይረባም ብለዋል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። በዚያ ቀን ዊሊያምስ አሥር ጊዜ ኳሱን እንደያዘ መሬት ላይ ተጥሏል፤ ይህን ያህል የሚጣል ኳርተርባክ ጥፋቱ የራሱ ብቻ ሊሆን አይችልም። ለፔኒክስ ያንን ሁሉ ጊዜ የሰጠው ከፊቱ የነበረው የአምስት ሰዎች ግንብ ነው፤ ያ ግንብ በ2023 የአገሪቱ ምርጥ የማጥቃት መስመር ተብሎ የጆ ሙር ሽልማትን ወስዷል፣ በግራና በቀኝ ጫፍ የቆሙት ሁለቱም በቀጣዩ ጸደይ ወደ ባለሙያዎቹ ሊግ ሄደዋል። ኳሱን ይቀበሉለት የነበሩት ሦስቱ ዋና ተቀባዮችም እንዲሁ። አዲሱ ልጅ የተረከበው ባዶ ቤት ነበር። ደግሞም ፔኒክስን አርባ ዘጠኝ መቶ ያርድ ሲወረውር ያዩት በስድስተኛው የኮሌጅ ዓመቱ ነው። በመጀመሪያው ዓመቱ፣ በ2018፣ ጉልበቱ ተጎድቶ ከሜዳ ሲወጣ በኢንዲያናዋ ብሉሚንግተን የነበረ አንድ ደጋፊ «ይህ ልጅ አይበረክትም» ብሎ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። በሮጀርስና በዊሊያምስ መካከል ስለተደረገው ለውጥ እንኳ ከእርስዎ እለያለሁ፤ ሮጀርስ የመጨረሻ ዓመቱን የሚጫወት ስለነበር አሰልጣኙ የሚመጣውን ዓመት ማሰቡ አይፈረድበትም፤ ያው ልጅም ከአንድ ወር በኋላ ኤል ፓሶ ላይ 374 ያርድ ወርውሮ አራት ተችዳውን አስገብቷል፣ አምስተኛውንም ራሱ ሮጦ ጨምሯል። እርስዎ ያን ጨዋታ ብቻዎን ነው ያዩት።

ከደብዳቤዎ ሁሉ እኔን ያስቆመኝ ግን «ይህ ግን ከነገሩ ጋር አይገናኝም» የምትለዋ አጭር ዐረፍተ ነገር ናት። ባይገናኝ ኖሮ አይጽፏትም ነበር ብዬ ጠረጠርኩ። ልጅዎ ሁለት ኮርስ ወድቆበታል። የጀመረውን ትቶ ወደ ሌላ ትምህርት ተዛውሯል። ይህን ለእናቱና ለአባቱ ለመንገር ስንት ሌሊት እንደተገላበጠ እሱ ነው የሚያውቀው። በዚያው ሰሞን ሳሎን ውስጥ፣ በአባቱ ጓደኞች ፊት፣ አባቱ ተነሥቶ ከእሱ በታች ስላለ ተማሪ «የተሰጠውን ዕድል የማያውቅ» ሲልና «የዛሬ ልጆች አንዴ ሲገፏቸው ይወድቃሉ» ሲል ሰማ። ከዚያ በፊት ደግሞ ዓመት ሙሉ የጀመረውን ትቶ የሚሄድ ሰው ከሐዲ እንደሆነ ሲነገረው ከርሟል። «የተሰጠህ ዕድል» የሚለው ቃል በስደተኛ ቤት ውስጥ ምን ያህል ክብደት እንዳለው እርስዎም እኔም እናውቃለን፤ ለልጆቻችን ገና ፊደል ሳይቆጥሩ የምናሸክማቸው ቃል ነው። እንግዶቹ የሳቁት በኳርተርባኩ ነው። ልጅዎ ሳቁን በማን ላይ እንደሰማው ያስቡት።

እርግጥ ልሳሳት እችላለሁ። ልጅዎን አላውቀውም፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ወጣት ቅዳሜን ከእኩዮቹ ጋር ማሳለፍ ስለፈለገም ሊቀር ይችላል፤ ያ ጤናማ ነገር ነው። ነገር ግን «ከእኔ አንድ ዓመት ታች ነው» ብሎ የወጣ ልጅ የተናገረው ስለ ዕድሜ ስሌት አይመስለኝም። ደግሞ እናቱን ሊያይ በየእሑዱ እየመጣ፣ እርስዎንም ደኅንነትዎን እየጠየቀ ነው። ይህ በሩን ገርበብ አድርጎ የተወ ሰው ሥራ ነው፤ ቂም የያዘ ቢሆን እናቱን ውጭ ያገኛት ነበር።

አባት ልጁን ይቅርታ ይጠይቃል ወይ ላሉኝ፣ የእኔ አባት «ይቅርታ» ሲል አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ያለ ጥፋቴ የገረፈኝ ቀን ማታ ሸንኮራ ተሸክሞ ይመጣና ምንም ሳይናገር ራሱ ልጦ ይሰጠኝ ነበር። እኔም ገባኝ፤ ሸንኮራው ምን ማለት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የእርስዎ ልጅ ግን የሸንኮራውን ቋንቋ ሳይማር ነው ያደገው፤ እሑድ ከወጡ ላይ ትልቁን ሥጋ ወደ እሱ ቢገፉለት እናቱ እንዳቀረበችለት ቆጥሮ ይበላዋል። ቃሉን ራሱን፣ ከእርስዎ አፍ፣ መስማት ያስፈልገዋል። ይህ አባትነትዎን የሚቀንስ ቢመስልዎ፣ ይቅርታ የሚጠይቁት በኳስ ምክንያት እንዳልሆነ ያስቡ፤ በቃል ምክንያት ነው።

እንግዲህ እንዴት ይሁን? መልእክቱን በባለቤትዎ በኩል እንዳይልኩት እለምንዎታለሁ፤ እናት በመካከል ሆና ቃል ስታመላልስ ልጁ ለእሷ ብሎ ይታረቃል፣ የሆዱ ግን እዚያው ይቀራል። የነፍስ አባትም ሆነ ሽማግሌ አይጥሩ፤ ነገሩ ያን ያህል ሲገዝፍ ልጁ ይደነግጣል። እሑድም በማዕድ ላይ አይሁን። በሥራ ቀን አንድ ምሽት ባቡሩን ይያዙና ስታዲየሙ አጠገብ ባለው የዩኒቨርሲቲው ጣቢያ ይውረዱ፤ ቀድመው ደውለው «እዚያ አካባቢ ነኝ፣ ቡና እንጠጣ» ይበሉት። እርስዎ ወደ እሱ ሰፈር መሄድዎ ራሱ ትርጉም አለው፤ እስካሁን የሚመጣው እሱ ነበርና። ከዚያ ነገሩን ብዙ ሳያዞሩ ከኳርተርባኩ ይጀምሩ፤ የሁለታችሁም ቋንቋ እሱ ስለሆነ። «በኦሪገን ጨዋታ ስለዚያ ልጅ የተናገርኩት ልክ አልነበረም፤ በሰው ፊት መናገሬ ደግሞ የባሰ ነበር። አንተን ካስከፋሁህ ይቅርታ አድርግልኝ» ቢሉ በቂ ነው። «ነገር ግን» የሚለውን ቃል አይጨምሩበት። «ነገር ግን እሱም…» ብለው የቀጠሉ እንደሆነ ልጅዎ የሚሰማው ከዚያ በኋላ ያለውን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ዝም ማለት ያስፈልጋል፤ ከባዱም ይህ ነው። እርስዎ አማርኛውን ቀስ ብለው ይናገሩ፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልስ፤ የጎደለውን ቃል ሁለታችሁም ትፈልጉታላችሁ። ስለ ኢንጂነሪንጉ ራሱ ካነሣው ያድምጡት። ካላነሣው፣ ያ ቀን የትምህርት ውጤት የሚጠየቅበት ቀን ስላልሆነ፣ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት፦ «ታሪክ ውስጥ የትኛውን ዘመን ወደድከው?» በመጀመሪያው ቀን «ይህን ተምረህ ምን ሥራ ታገኛለህ?» የሚለውን ጥያቄ ምላስዎን ነክሰው ያሳልፉት። ጥያቄው ተገቢ አይደለም አልልም፤ ገንዘብ የሚከፍል አባት ሊጠይቀው ይገባል፤ ለዚያ ሌላ ቀን አለ፣ ያን ቀን ግን መጀመሪያ ይህኛው ቀን ያመጣዋል። ምናልባት ደግሞ ልጁ ከኢንጂነሪንጉ የወጣው ገፍተው ስለጣሉት ሳይሆን ቦታው የእሱ እንዳልሆነ ስላወቀ ይሆናል፤ ፔኒክስ ኢንዲያናን ሲለቅ እርስዎ ደካማ ነው አላሉትም።

ሊቆጣም ይችላል። ከኅዳሩ ቀን በፊት የነበሩ፣ እርስዎ ረስተዋቸው እሱ ያልረሳቸው ነገሮች ሊወጡ ይችላሉ። ያኔ እያንዳንዱን እየመለሱ አይከራከሩት፤ ያላስታወሱትን «አላስታውሰውም፣ ግን አምንሃለሁ» ማለት ይቻላል። ቡናውን ጠጥቶ ምንም ሳይናገር ቢነሣም አይደንግጡ፤ ሁለት ወር የተጠራቀመ ዝምታ በአንድ ስኒ አያልቅም። በሳምንቱ እንደገና ይደውሉለት።

ስለ እንግዶቹም አንድ ነገር ይቀራል። ቃሉ የተነገረው በእነሱ ፊት ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቤትዎ ሲሰበሰቡ የኦሪገኑ ጨዋታ መነሣቱ አይቀርምና «እኔ ያን ዕለት በልጁ ላይ አበዛሁበት» ብለው ይለፉ። ንግግር አያድርጉት። ልጅዎ እዚያ ባይኖር እንኳ ወሬው ይደርሰዋል፤ የሲያትልን ሐበሻ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።

ከእንግዲህስ ቴሌቪዥን ፊት አፍዎን ሰፍተው ይቀመጡ? እንደሱ ከሆነ ጨዋታው ምኑ ያምራል! «ያን ኳስ ቀድሞ መልቀቅ ነበረበት»፣ «በግራ በኩል ነፃ የሆነውን ሰው አላየውም»፣ «አሰልጣኙ በአራተኛው ሙከራ ለምን አስመታ?» እያሉ እስኪደክምዎ ይጩኹ፤ ይህ ዕውቀት ነው፣ ልጅዎም የሚናፍቀው ይህን ይመስለኛል። «አይረባም» ግን ስለ ኳሱ ምንም አይነግረንም። ዛሬ ተጫዋቾቹ ገንዘብ ስለሚያገኙ ትችቱን ይቻሉት የሚሉ አሉ፤ ቢችሉትም ባይችሉትም ዊሊያምስ የእርስዎን ሳሎን አይሰማም። በዚያ ሳሎን ውስጥ የሚሰማው ሌላ ልጅ ነው፤ ታናሽየውም በቅርቡ እዚያ ዕድሜ ትደርሳለች ወይም ይደርሳል።

በመጪው መጸው ከእሱ ጋር ስታዲየም ለመግባት ቢያስቡ መልካም ነው፤ ሐይቁን ሲያዩ እርስዎ በ2000 የተሰማዎትን ሊነግሩት ይችላሉ፤ ለምን ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቦታ እንደቆዩም ለመንገር ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ነገር ግን ተማሪ ስለሆነ ከተማሪዎቹ ጋር መቀመጥ ቢመርጥ አይቀየሙት፤ ጨዋታው ሲያልቅ በር ላይ ተገናኝታችሁ አብራችሁ ወደ ባቡሩ ብትሄዱም ቀኑ የእናንተው ነው።

ይህ ሁሉ ከበዛብዎ ግን ዛሬ ማታ በአንድ ነገር ይጀምሩ። ዲሴምበር 31 ቀን ጽፈው ያልላኩት መልእክት ስልክዎ ውስጥ ካለ ይፈልጉትና እንዳለ ይላኩት። ሁለቷን ነጥብ መሞከሩ ልክ ነበር? እኔ በበኩሌ ልክ ነበር እላለሁ፤ አንድ መጥፎ ዘመን እያለቀ ከነበረና በዚያ ምሽት የሚወረውረው ልጅ እጁ ከሞቀ ምን ይፈራል? የልጅዎን ሐሳብ ግን ከእሱ ይስሙት።